ሸክም በጀርባ፣ ሸክም በአእምሮ

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ፒያሳ ከሚባለው ሰፈር፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ አትክልት ተራ የሚባል ቦታ አለ። እኔ ያደግኩት እዚያ አካባቢ ነው። ስሙ እንደሚነግረን ቦታው የአትክልት ገበያ ነበር። ከገበሬው ማሳ የተነሣው ሽንኩርት፣ ድንች፣ ቲማቲምና ጎመን በመኪና ተጭኖ መጥቶ እዚያ ይራገፍ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ሲገባ ሕዝብ እንዳይጨናነቅ ተብሎ ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው ሰፈር ሄደ። ገበያው ይሂድ እንጂ ስሙ ከቦታው አልሄደም። ዛሬም አትክልት ተራ ይባላል።

ልጅ ሳለሁ ማለዳ ተነሥቼ ተሸካሚዎቹን ቆሜ አይ ነበር። አንዱ ተሸካሚ ጎንበስ ይላል። ሁለት ሰዎች የሽንኩርቱን ጆንያ አንሥተው ጀርባው ላይ ያስቀምጡለታል። እሱ ግን ወዲያው አይሄድም። ወዝወዝ አድርጎ ጆንያውን ያደላድላል። "ሆነ?" ይሉታል። "ሆነ" ሲል ይለቁታል። ከዚያ በኋላ ጭቃውን እየመረጠ ይራመዳል።

አንዳንድ ቀን ደግሞ ጫኞቹ ይቸኩላሉ። ጆንያውን ወደ አንድ ጎን አዘንብለው ይጭኑበታል። "ሆነ?" ብሎ የሚጠይቀው የለም። ያን ጊዜ ያ ብርቱ ሰው አሥር እርምጃ ሳይሄድ ይንገዳገዳል። የጆንያው ክብደት ያው የትናንቱ ነው። የሰውየውም ጉልበት ያው ነው። የተለወጠው አጫጫኑ ብቻ ነው።

ይህን ነገር ያነሣሁት በምክንያት ነው። ዛሬ የምናነበው በዓይን ስለማይታይ ሸክም ነው። ይህ ሸክም የአእምሮ ሸክም ይባላል። በተለይም ሕንፃ የሚሠሩ ሰዎች ከአደጋ እንዲጠበቁ ትምህርት ሲሰጣቸው፣ ትምህርቱ ራሱ እንዴት ሸክም ሊሆንባቸው እንደሚችል፣ እንዴትስ ሸክም ሊያቃልልላቸው እንደሚችል እንመለከታለን።

ጉዳዩ የእኛም ነው

"እኛ ገበሬዎች ነን። የፎቅ ሥራ ምናችን ነው?" ትሉ ይሆናል። እስቲ እንይ።

ፒያሳና አካባቢው በነዚህ ዓመታት ብዙ ግንባታ አይቷል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚያው ፒያሳ ተሠርቶ በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. ተመርቋል። በዚያው ዓመት ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ። መንገድ ተስፋፋ። አዲስ ግንባታም ተጀመረ።

ታዲያ አርማታውን የሚያቦካው ማነው? ብሎኬት የሚያቀብለው፣ ፌሮ የሚሸከመው፣ በባሬላ አሸዋ የሚያመላልሰውስ ማነው? ብዙው ከገጠር የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። አዝመራውን ከከተተ በኋላ "እስከ ሰኔ ሠርቼ ልመለስ" ብሎ የሚሄድ ጎልማሳም ሞልቷል። ከዚህ መንደርም የሄደ አለ። የሚሄድም ይኖራል።

የሕንፃ ሥራ በዓለም ሁሉ አደጋ ከሚበዛባቸው ሥራዎች አንዱ ነው። በብዙ አገሮች የሕንፃ ሠራተኛን ከሚገድሉ አደጋዎች ዋናው ከከፍታ መውደቅ ነው። ሰው ሲወድቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚባለው "ሳይጠነቀቅ ቀርቶ ነው" ነው። ይህ አባባል እውነት ነውን? ለመመለስ በመጀመሪያ አእምሮ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይኖርብናል።

አእምሮ ስንት ነገር ይሸከማል?

አንድ ነገር እንሞክር። ከመካከላችሁ አንዱ የሚከተለውን ዝርዝር አንዴ ብቻ ጮክ ብሎ ያንብብ። ሌሎቻችሁ መጽሐፋችሁን ዘግታችሁ አድምጡ።

ጨው፣ በርበሬ፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ ሻማ፣ ዘይት፣ መርፌ፣ ቡና፣ ክር።

አሁን የሰማችሁትን በቃል ተናገሩ። ስንቱን አስታወሳችሁ? አሥሩንም በቅደም ተከተል የያዘ ካለ እሰየው። ብዙ ሰው ግን ግማሹን ይዞ ግማሹን ይጥላል።

ጆርጅ ሚለር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በፈረንጆች 1956 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው ሊይዝ የሚችለው ሰባት ያህል ነገር ነው አለ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2001፣ ኔልሰን ካዋን የሚባል ሌላ ተመራማሪ ቁጥሩን ወደ አራት ያህል ዝቅ አደረገው። ሰባትም ሆነ አራት፣ ጥቂት ነው። ይህም የተማረውንም ያልተማረውንም ይመለከታል። የመሃይምነት ጉዳይ አይደለም። የሞኝነት ጉዳይም አይደለም። የሰው አእምሮ አፈጣጠሩ እንዲህ ነው።

ታዲያ ሰው ይህን ያህል ሥራ እንዴት ይሠራል? በመልመድ ነው። ለዚህ ምስክሮቹ እናንተው ናችሁ። "ላም" የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያነበባችሁበትን ቀን አስታውሱ። በመጀመሪያ "ላ"ን ፈለጋችሁ። ከዚያ "ም"ን ስትፈልጉ "ላ" ጠፋችባችሁ። ተመልሳችሁ ፈለጋችሁት። ፊታችሁን አላበው። ዛሬስ? ዛሬ "ላም" የሚለውን በአንድ እይታ ታነባላችሁ። ሁለት የነበረው ነገር አንድ ሆነላችሁ። ስለዚህ አእምሯችሁ ነፃ ሆኖ ስለ ላሚቱ ያስባል። የለመዱት ነገር ሸክሙ ይቀላል ማለት ይህ ነው።

እኔም ጥፋቴን ልናገር። ከዩኒቨርሲቲ ተልኬ ወደ ገጠር ፊደል ላስተምር የመጣሁ ተማሪ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ሦስቱን ተራ በሰባት በሰባት አድርጌ 231 ፊደል ሰሌዳው ላይ ደረደርኩት። ሰው ሁሉ ዝም አለ። በማግሥቱ ግማሹ አልመጣም። "ሰነፉ" ብዬ ተቆጣሁ። ሰነፍ የነበርኩት እኔ ነኝ። ጆንያውን አጣምሜ የጫንኩት እኔ ነኝ።

ሦስት ዓይነት ሸክም

ጆን ስዌለር የሚባል የአውስትራሊያ ተመራማሪ በ1988 በፈረንጆች አቆጣጠር ስለዚህ ነገር ጽፏል። እሱና ከሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ሰው በሚማርበት ጊዜ አእምሮው ላይ የሚያርፈውን ሸክም በሦስት ይከፍሉታል።

አንደኛው የነገሩ የራሱ ክብደት ነው። አርማታ ማቡካት ከፌሮ አስተሳሰር ይቀላል። ፌሮ ማሰር ደግሞ ፕላን ከማንበብ ይቀላል። ይህን ክብደት አስተማሪ ሊያጠፋው አይችልም። ቆርሶ ቆርሶ ሊሰጠው ግን ይችላል።

ሁለተኛው ከመጥፎ አስተማመር የሚመጣ ክብደት ነው። አስተማሪው በማይገባ ቋንቋ ሲናገር፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሲያዘንብ፣ ዕቃውን ሳያሳይ በቃል ብቻ ሲያወራ ይህ ሸክም ይመጣል። ይህ ሸክም ለማንም አይጠቅምም። ሊራገፍ የሚገባው ነው።

ሦስተኛው ለመማር ብለን የምናወጣው ጥረት ነው። አዲሱን ነገር ከምናውቀው ጋር ለማያያዝ፣ እጃችንን ለማለማመድ የምናወጣው ድካም ነው። ይህ ድካም ፍሬ አለው።

ጥሩ ትምህርት የሚባለው እንግዲህ አንደኛውን ቆራርሶ የሚሰጥ፣ ሁለተኛውን የሚያራግፍ፣ ለሦስተኛው ቦታ የሚለቅ ነው።

በመወጣጫው ላይ የሆነው

አሁን ራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ ለኪስ ገንዘብ ብዬ ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቅ ሲሠራ በቀን ሠራተኝነት ገባሁ። የድርጅቱ ስም አያስፈልገንም።

በመጀመሪያው ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አዲስ የገባነውን ሰዎች በብርዱ አሰልፈው የደህንነት ትምህርት ሰጡን። አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ሃያ ሁለት ደንብ በጥድፊያ አነበበልን። "ሀዛርድ" ይላል። "ሃርነስ" ይላል። ሃርነስ ማለት ከከፍታ እንዳንወድቅ ትከሻና ጭን ላይ የሚታሰረው የመያዣ ቀበቶ ነው። ይህን ያወቅኩት ግን ኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ቀበቶውን ያሳየን አልነበረም። ሰውየው አንብቦ ሲጨርስ "ገብቷችኋል?" አለ። "ገብቶናል!" አልን በአንድ ድምፅ። አልገባንም የሚል ሰው ሥራውን እንዳያጣ ይፈራል። ከዚያ "ፈርሙ" ተባልን። ፈረምን። መፈረም ለማይችለው የአውራ ጣቱን ቀለም ነክረው አስነኩት።

ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ ሦስተኛ ፎቅ ነበርኩ። እስካፎልዲንግ በሚሉት የአጣና መወጣጫ ላይ ከአንድ ሰው ጋር ባሬላ ይዘን ጠጠር እናመላልሳለን። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ነው። ሰውየው ከገጠር ከመጣ ገና ሳምንቱ ነው።

በዚያች ደቂቃ በአእምሮዬ የነበረውን ልቁጠርላችሁ። ጠጠሩ እንዳይፈስ አስባለሁ። የባሬላው እጀታ መዳፌን ይልጠኛል። ፎርማኑ ከላይ "ቶሎ በል!" ይላል። ጠጠሩን የት እንደማፈስ አላወቅኩም። ከጎኔ ፌሮ የሚቆርጡት ይጮኻሉ። ጠዋት ከሰማሁት ሃያ ሁለት ደንብ መካከል አንዱ እንኳ አልታወሰኝም። ቦታ አልነበረውማ! ጆንያው ሞልቷል።

የጣውላው ጫፍ ሚስማር አልተመታበትም ነበር። ስረግጠው ተነሣ። የኋላው ሰው ባሬላውን ጥሎ በሸሚዜ ያዘኝ። ጠጠሩ ወደ ታች ዘነበ። እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ ከታች ሰው አልነበረም።

ፎርማኑ ሮጦ መጣና "ጠዋት ተነግሮህ የለም ወይ?" ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው። ተነግሮኛል። ያልተመታ ጣውላ እንዳይረገጥ የሚለው ደንብ ከሃያ ሁለቱ አንዱ ነበር። ጆሮዬ ሰምቶታል። እግሬ ግን አልሰማውም።

ለምሳ ስንቀመጥ ያን ሰው "እንዴት ደርሰህ ያዝከኝ?" አልኩት። "ስትረግጠው ጣውላው ሲንቀጠቀጥ አየሁት" አለኝ። "እኛ አገር የወንዝ ማቋረጫ እንጨት በእግር ሳይፈተን ሙሉ ሰውነት አይጣልበትም። ከልጅነቴ የለመድኩት ነው።"

ይህን ስሰማ አንድ ነገር ገባኝ። ያ ወረቀት አንባቢ ከሃያ ሁለት ደንብ ይልቅ አንድ ነገር ቢያደርግ ኖሮ! መወጣጫው አጠገብ ወስዶን "የወንዝ ማቋረጫ እንጨት እንደምትፈትኑ ጣውላውን ፈትኑ። ና አንተ ፈትን። አሁን አንተ" ቢለን ኖሮ! አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሃምሳ ሰው አይረሳውም።

አስተማመርና አደጋ

ይህ የኔ የአንድ ቀን ገጠመኝ ብቻ አይደለም። በፈረንጆች 2006 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ከ1971 እስከ 2003 የተሠሩ 95 ጥናቶችን ሰብስቦ አነጻጽሯል። በነዚህ ጥናቶች ውስጥ የነበሩት ሰዎች ከሃያ ሺህ በላይ ናቸው። ጥያቄው ሠራተኞች ደህንነትን የሚማሩበት መንገድ ልዩነት ያመጣል ወይ የሚል ነበር። መልሱ ያመጣል የሚል ሆነ። ሠራተኛው ቁጭ ብሎ ከሚሰማበት ትምህርት ይልቅ በእጁ እየሞከረ፣ እየጠየቀ፣ እየታረመ የሚማርበት ትምህርት የበለጠ ዕውቀት አስጨበጠ። አደጋንም ይበልጥ ቀነሰ።

ምክንያቱን እስካሁን ካነበብነው መገመት እንችላለን። በወሬ ብቻ የተማረ ሰው ደንቡን በአእምሮው ተሸክሞ መዞር አለበት። ሥራው ሲበዛበት መጀመሪያ የሚጥለው ያን ነው። በእጁ የተማረ ሰው ግን ደንቡን ወደ ልማድ ለውጦታል። ቀበቶውን ሲያስር አያስብም። ጣውላውን ሲፈትን አያስብም። አእምሮው ነፃ ስለሆነ ከላይ የሚወድቀውን፣ ከጎን የሚመጣውን ያያል።

በአንዳንድ አገሮች ደግሞ በዓይን ላይ የሚታሰር መሣሪያ መጥቷል። ሠራተኛው መሬት ላይ ቆሞ ፎቅ ላይ ያለ ይመስለዋል። ተሳስቶ ቢወድቅም አይጎዳም። ይህ ጥሩ ነገር ነው። ሆኖም መሣሪያውን አይቶት የማያውቅ ሰው መጀመሪያ መሣሪያውን ራሱን መልመድ አለበት። ያም ሸክም ነው። ስለዚህ የመሣሪያው ብርቅነት ብቻ ትምህርቱን ጥሩ አያደርገውም።

የአእምሮ ሸክም ይለካል ወይ?

የጆንያ ክብደት በሚዛን ይታወቃል። የአእምሮስ? የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ ባልደረባ የነበረችው ሳንድራ ሃርት ከሎውል ስቴቭላንድ ጋር ሆና በ1988 በፈረንጆች አቆጣጠር አንድ መለኪያ አሳትማለች። መለኪያው ሠራተኛውን ራሱን ስድስት ነገር ይጠይቃል።

1. ሥራው ምን ያህል ማሰብ ጠየቀህ?
2. ምን ያህል ጉልበት ጠየቀህ?
3. ምን ያህል አጣደፈህ?
4. ሥራውን ምን ያህል አሳካሁት ትላለህ?
5. ለዚያ ምን ያህል ጣርክ?
6. ምን ያህል ተበሳጨህ?

ሠራተኛው ለያንዳንዱ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ነጥብ ይሰጣል። ይህ መለኪያ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። በሕንፃ ሥራ ላይ የሚደረጉ ጥናቶችም ይጠቀሙበታል።

ከዚህ መለኪያ የምንማረው ትልቁ ነገር ምንድነው? ሸክሙን የሚያውቀው ተሸካሚው ነው። የአትክልት ተራ ጫኝ "ሆነ?" ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። አስተማሪም፣ ፎርማንም እንደዚያው መጠየቅ አለባቸው።

ይህን ግን አትርሱ

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ማስጠንቀቅ ይገባኛል።

አንደኛ፣ በእጅ መማርም በመጀመሪያ ይከብዳል። ቀበቶ ማሰር የሚማር ሰው በመጀመሪያው ቀን ይዘገያል። ፎርማኑ በዚያን ቀን "ቶሎ በል" ካለው ትምህርቱ ይበላሻል። ጥጃ በለመደች ማግሥት ወተቷ አይለካም።

ሁለተኛ፣ ሸክም ማነስ ብቻውን ጥሩ አይደለም። አንድ ዓይነት ሥራ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሰው ይፈዝዛል። ብዙ ዓመት የሠራ ሰውም "ይህን እኔ ለምጄዋለሁ" ብሎ ይዘናጋል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በየጠዋቱ ስለዚያ ቀን አደጋ አጭር ንግግር ማድረግ ይጠቅማል። ስለ ሁሉም ነገር አይደለም። ስለዚያ ቀን ብቻ። "ዛሬ ሶሌታ ይሞላል። ከሥሩ ማንም አይለፍ።" ይበቃል።

ሦስተኛው ዋነኛው ነው። ትምህርት የሚስማር ምትክ አይሆንም። ጣውላው ቢመታ ኖሮ እኔም አልንገዳገድም ነበር። ጥሩ አሠሪ መጀመሪያ አደጋውን ራሱን ያስወግዳል። ጣውላውን ይመታል። ጉድጓዱን ይከድናል። በመወጣጫው ዳር መከለያ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ የቀረውን ያስተምራል። አደጋውን ሳያስወግድ ሃያ ሁለት ደንብ አንብቦ የሚያስፈርም ሰው የራሱን ሸክም በሠራተኛው ጀርባ ላይ አዛወረ እንጂ ሠራተኛውን አልጠበቀም። የሚርበው፣ እንቅልፍ ያጣ፣ በጥድፊያ የሚሠራ ሰውም ቢማርም ይሳሳታል።

ማረስ እንዴት ተማርኩ?

ጥሩ አስተማመርን ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይደለም። እዚሁ ገጠር ነው። ያሳደሩኝ አባወራ "ልጄ፣ አንተ ፊደል አስተምረኝ፣ እኔ እርሻ አስተምርሃለሁ" አሉኝ።

በመጀመሪያው ቀን ስለ ማረስ ምንም አላወሩልኝም። "እርፉን ያዝ" አሉኝ። በሬዎቹን እሳቸው ከፊት ይመሩ ነበር። ጅራፉንም አልሰጡኝም። የኔ ሥራ እርፉን ቀጥ አድርጎ መያዝ ብቻ ነበር። ፈሩ ተጣመመ። አልሳቁብኝም። "ጫን አታድርገው። ላላ አድርገህ ያዘው" አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ጅራፉን ሰጡኝ። በሳምንቱ ከፊት መምራታቸውን ትተው ከጎኔ ሄዱ። በሁለተኛው ሳምንት ዳር ቆመው ያዩኝ ነበር።

ይህ አስተማመር አራት ደረጃ አለው። ተማሪውን ማዘጋጀት፣ ማሳየት፣ ማስሞከር፣ እየተከታተሉ ማረም ነው። የሚገርመው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች ፋብሪካ አይተው የማያውቁ ብዙ አዳዲስ ሠራተኞችን በአጭር ጊዜ ማሠልጠን ሲያስፈልጋቸው ለአሠልጣኞቻቸው የሰጡት መመሪያ እነዚሁ አራት ደረጃዎች ነበሩ። አባወራው ያንን መመሪያ አላነበቡም። ከአባታቸው የተማሩት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ሠራተኛን ማስተማር የአሠሪ ችሮታ አይደለም። ግዴታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 ላይ አሠሪው ሠራተኞቹን ስለሚሠሩት ሥራ አደጋና ስለ ጥንቃቄው በሚገባ ማስተማርና ማሳወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ ማቅረብና አጠቃቀሙንም ማስረዳት አለበት። ሠራተኛውም በበኩሉ የተሰጠውን መከላከያ በአግባቡ የመጠቀም ግዴታ አለበት።

በዓለም አቀፍ ደረጃም ስምምነት አለ። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1973 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች ደህንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155ን አወጣ። ኢትዮጵያም በ1983 ዓ.ም. ተቀብላ አጽድቃዋለች። በዚህ ስምምነት መሠረት ሕይወቱን ወይም ጤናውን የሚያሰጋ የቅርብና ከባድ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ያመነ ሠራተኛ ከሥራው ገለል ቢል ሊቀጣበት አይገባም።

ወደ ከተማ ለሚሄድ ሰው

እንግዲህ ከእናንተ አንዱ ወይም ልጃችሁ ለሕንፃ ሥራ ወደ ከተማ ሲሄድ ምን ይያዝ? እኔም አሁን ሃያ ሁለት ምክር ብሰጣችሁ ያስቅብኛል። ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ብቻ እሰጣለሁ። አዲስ ሥራ በጀመረ ቁጥር እነዚህን ይጠይቅ።

የት ልወድቅ እችላለሁ?
ከላይ ምን ሊወድቅብኝ ይችላል?
ካልገባኝ ማንን ልጠይቅ?

ሦስት ጣት በማጠፍ መያዝ ይቻላል። ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጣችሁ ልጃችሁን አለማምዱት። ከሁሉ በላይ ግን "አልገባኝም፤ አሳየኝ" ማለት ነውር እንዳልሆነ ንገሩት። እኛ ሃምሳ ሰዎች በዚያን ጠዋት "ገብቶናል" ባንል ኖሮ ምናልባት ወረቀቱን አስቀምጦ ቀበቶውን ያሳየን ነበር። ማን ያውቃል?

ያ ባልንጀራዬ ሸሚዜን ባይዘኝ ኖሮ ደግሞ ዛሬ "ሳይጠነቀቅ ቀርቶ ነው" ይባልልኝ ነበር። ፊርማዬም ወረቀቱ ላይ አለ። ሰው ተንገዳግዶ ሲወድቅ ስናይ ቶሎ ብለን በሱ አንፍረድ። መጀመሪያ ማን እንደጫነው፣ እንዴት እንደጫነው እንጠይቅ። "ሆነ?" ብሎ የጠየቀውስ ነበር ወይ?

ለመወያያ

1. የገበያውን ዝርዝር ስትሰሙ ስንቱን ያዛችሁ? ክር ብላችሁ ያስታወሳችሁት ለምን ይመስላችኋል?
2. ልጃችሁን ማረስ፣ ማጨድ ወይም መፍጨት እንዴት አስተማራችሁት? በወሬ ነው ወይስ በእጅ?
3. በመወጣጫው ላይ ለሆነው ነገር ጥፋቱ የማን የማን ነው? አንድ በአንድ ተናገሩ።
4. ከመንደራችሁ ወደ ሕንፃ ሥራ ሄዶ የተመለሰ ሰው ካለ ጋብዙት። በመጀመሪያው ቀን ምን እንዳስተማሩት ይንገራችሁ።